ያልተለካ ዝናብ

ኮምቦልቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፤ ቆርቆሮው ግሏል።
ማራገቢያው ሦስት ዙር ይዞርና፣
ወግ እንደጠፋበት ሽማግሌ መሀል ላይ ይቆማል።
እኔና ጦይባ የዝናብ መዝገብ እናስገባለን፤
የሠላሳ ዓመት ወረቀት፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣ አቧራ የጠጣ፣
ከየወረዳው በጆንያ ታጭቆ የመጣ።

የቢስቲማውን ደብተር የያዘው ሙሄ አራጋው ነበር።
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣
ከመለኪያው ፊት በርከክ ብሎ፣
ዘንጉን ነክሮ፣ አውጥቶ፣ የራሰውን አይቶ፣
ይጽፋል፦ «አራት ነጥብ ሁለት።»
ጠብ ባላለ ቀን ደግሞ ዜሮ ይጽፋል፤
ዜሮው የዶሮ እንቁላል ያህላል፣ ሳይሳሳ የተከበበ።
ሄዶ ያየ ሰው ነው ዜሮ የሚጽፍ፤
ደረቁን በዓይኑ ያነበበ።

ከዚያ፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት፦ ባዶ።
አሥራ ሦስት፦ ባዶ።
እስከ ጳጉሜን አራት፣ ሃምሳ ሦስት ቀን፣
ብዕር ያልነካው ነጭ።

ጦይባ ዳታቤዙን ጠየቀችው፣ ምስክር እንደምትመረምር፦
«ያልዘነበባቸውን ቀናት አምጣ።»
አመጣ፤ የሙሄን እንቁላሎች፣ ተራ በተራ።
«የዘነበባቸውንስ?»
አመጣ።
ደመርናቸው። ከዓመቱ ሃምሳ ሦስት ቀን ጎደለ።
«ካልዘነበ አባርቷል፣ ካላባራ ዘንቧል፤
ሌላ ምን አለ?» አልኳት።
አለ ለካ።
አዎም ያልሆነ፣ አይደለምም ያልሆነ፤
እንጃ የሚባል ቀበሌ አለ በሠንጠረዡ መሀል፣
ማንም ጠርቶት የማያውቅ፣ ስሙ እያለ።

«ከባዶ ጋር እኩል የሆነውን» ብንለው
አንድም አላመጣ።
ባዶ ከባዶ ጋር አይተካከልም፤
የማላውቃቸውን ሁለት ሰዎች
አንድ ሰው ናቸው ልል አልችልም።
«ባዶ የሆነውን» ስንለው ግን፣ ያኔ፣
ሃምሳ ሦስቱም ከተደበቁበት ወጡ፣
ሠርግ እንደረፈደበት ዘመድ
በጓሮ በር፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ።

አማካዩንም ጠየቅን።
ባዶዎቹን ዘለለ፣ በቀሪው አካፈለ፣
ቁጥሩን ሰጠን ፊቱን ሳያጠቁር፣
ምንም እንዳልጎደለ።

አቶ ሽፋው በበሩ ብቅ ብሎ፦
«ዜሮ ሙሉበትና ይለቅ፤ ሪፖርቱ ለነገ ነው።»
ጦይባ ሞላች፤ በቅጂው ላይ፣ ለሙከራ።
ግራፉ ተንኮታኮተ።
ክረምቱ ወገቡ ላይ ተሰበረ፤
በነሐሴ፣ ቢስቲማ ላይ፣ ጠብ የሚል ጠፋ።
ሃምሳ ሦስት ቀን ድርቅ
በአንድ ጣት፣ ከወንበር ሳንነሳ።

ወሎ ላይ እንዲህ ያለ ዜሮ በዋዛ አይጻፍም።
የእናቴ አጎት በዜሮ ዓመት ነው ከቀዬው የወጣው፣
የበሩን መዝጊያ ሳይቀር ሽጦ።
መጻፍ ሲገባው ያልተጻፈበትም ዓመት ነበር፤
ያኔ ወረቀቱ ነጭ፣
መንገዱ በሰው ተሞልቶ።

ቢስቲማ ደወልኩ። ያነሳችው ልጁ ናት፣ አስያ።
«አባዬ ያን ክረምት እግሩን ተሰብሮ፣ ወጌሻ ቤት ነበር የተኛው።
ዝናቡማ! ድልድዩን የወሰደው ያ ዓመት አይደል እንዴ?»
ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
«ስንት ነበር ልበል?» አልኳት።
«እኔ ምን አውቄ! እሱም አሁን በሕይወት የለ።
መለኪያው ሞልቶ ሲፈስ አይቻለሁ፤
የለካው ግን የለም።»

ቅጂውን አጠፋነው።
ጦይባ ከጎን «ምክንያት» የሚል ዓምድ ጨመረች፤
በአንድ ትእዛዝ፣ ሃምሳ ሦስት ቦታ፦
«ለኪው እግሩ ተሰብሮ።»
አቶ ሽፋው ምን እንደሚል ነገ እናያለን።

ደብተሩን ከመክደኔ በፊት
ጳጉሜን አምስት ላይ ዓይኔ አረፈ።
ዜሮ አለ።
እንቁላሉ ጠማማ ነው፣ አንድ ጎኑ የተጨፈለቀ፣
በምርኩዝ ቆሞ የተጻፈ።